ባዩ የወለወለው ኮምፒውተር

ባዩ ዴን ሃግ ውስጥ አንድ ትልቅ የመንግሥት ቢሮ የሚያጸዱ የአሥራ አራት ሰዎች አለቃ ነው። ይህን የማያውቅ ሐበሻ በከተማው ካለ ከባዩ ጋር ገና አልተገናኘም ማለት ነው። ሰው ቤት ሲጋበዝ ከመቀመጡ በፊት ጣቱን በመስኮቱ ደፍ ላይ አሳልፎ ያያል። ምንም አይናገርም፤ ጣቱን ብቻ ያያል። ከዚያ በኋላ ጋባዦቹ ምግቡ አይበላላቸውም።

ያ ዕለት ዓርብ ነበር፤ የእረፍት ቀኑ። ሚስቱ አበባይሽ ሮተርዳም ወደምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ በጠዋት ወጥታለች። ስምንት ወር ሙሉ የለፋችበት የነርስነት መመረቂያ ጽሑፏ ያለው ሳሎኑ ጥግ በተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ሌላ የትም የለም። ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ለትምህርት ቤቱ ካልላከችው ሌላ ዓመት ልትጠብቅ ነው። ከሥራ ስትመለስ ለመጨረሻ ጊዜ አንብባ ልትልከው አስባለች። ይህን ሁሉ ባዩ ያውቃል። ስለዚህ ሊያስደስታት ፈለገ። ሌላው ባል ቢሆን አበባ ይገዛል። ባዩ ግን መፍቻ አነሳና ኮምፒውተሩን ከፈተው።

አቧራውን በቫክዩም መጠጠ፤ ጥጋጥጉን በቀጭን ብሩሽ አጸዳ። እዚህ ላይ ቢበቃው ኖሮ ሰላም ነበር። ግን አለቃ ሰው ሲበቃው አይታወቀውም። ማራገቢያውን ከነብረቱ ነቅሎ ሲያነሳ ከሥሩ ግራጫ፣ የደረቀ ቅባት ተለጥፎ አየ። ደሙ ፈላ። "ሰባት ዓመት እዚህ ተደብቀህ!" አለው ቅባቱን። በአልኮል አራሰው፣ በፕላስቲክ ካርድ ፋቀው፣ ፊቱን እስኪያይበት ወለወለው። መሥሪያ ቤቱ እንደሚያዘው ከጽዳቱ በፊት አንድ ፎቶ አንስቶ ነበር፤ አሁንም ሌላ አንስቶ ሁሉንም ወደ ቦታው መለሰ።

ኮምፒውተሩ ተነሣ። ስምንት ደቂቃ ሠራና ቀጥ አለ። ማውሱ አይሄድ፣ ቁልፉ አይሰማ። አጥፍቶ አበራው፤ ትንሽ ሠርቶ እንደገና ቀጥ አለ። ባዩ በመጀመሪያ ሶኬቱን ጠረጠረ፤ ተሸክሞ ወጥ ቤት ወስዶ ሰካው፤ ያው ሲሆንበት ወደ ሳሎን መለሰው። ቀጥሎ የቤቱን እርጥበት ጠረጠረ፤ ማሞቂያውን ከፍ አደረገው፤ አሁን ደግሞ በአምስት ደቂቃ ቆመ። ከዚያ የደች ዕቃ ድሮም እንዲህ ነው አለ። ያልጠረጠረው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ስምንት ሰዓት ሲል ሞገስ ጋ ደወለ። ሞገስ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ነው፤ የከተማው ሐበሻ ሁሉ ስልኩ ሲበላሽ የሚሮጠው እሱ ጋ ነው።

"ጋሽ ባዩ፣ ስታክ የሚያደርገው እንደበራ ነው ወይስ ቆይቶ?"

"ቆይቶ። ስምንት ደቂቃ አካባቢ።"

"እንግዲያው ሙቀት ነው። ከማራገቢያው ሥር ግራጫ ቅባት አለ አይደል? ሙቀቱን የሚያሻግርለት እሱ ነው። ቆሻሻ መስሎት የሚጠርገው ሰው አለ።" ሞገስ ሳቀ። "ባለፈው አንዱ እንደዛ አድርጎ፣ እስካሁን መሳቂያችን ነው። ከፍተውት ነበር እንዴ?"

ከባዩ የሚጠበቀው አንድ ቃል ነበር። "አዎ" ቢል ሞገስ አዲስ ቅባት ይዞ በትራም ይመጣለት ነበር። ለባዩ ግን የታየው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያለው ወሬ ነው፤ "አለቃው ኮምፒውተር አጠበ" ሲባል፣ ቤታቸው ጣቱን ያየባቸው ሴቶች ሁሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ።

"እኔ? ኧረ አልነካሁትም!"

"እርግጠኛ ነዎት? መጥቼ ልየው?"

"ምን አደከመህ! ልጅ መሰልኩህ እንዴ? አልተከፈተም አልኩህ።"

"ካልተከፈተማ ዊንዶውሱ ነው። ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው። ግን ውስጡ ያለው በሙሉ ይጠፋል። የእትዬ አበባይሽ ጽሑፍስ?"

"እሱማ ተልኳል" አለ ባዩ። ውሸት እንደ ጽዳት ነው፤ አንዱን ጥግ ከጀመሩ ሌላውን መተው አይቻልም።

ስልኩን እንደዘጋ ሁለቱን ፎቶዎች አጠፋ። ቀጥሎ ራሱን ማሳመን ያዘ። ጠንቃቃ ሴት ናት፤ የሆነ ቦታ ግልባጭ ሳታስቀምጥ አትቀርም። ባይኖራትስ፣ ኮምፒውተር ተበላሸ ብትል ትምህርት ቤቱ ሰው አይደለም? ይረዳታል። እንዲህ እያለ ሞገስ የነገረውን እየተከተለ፣ ማሽኑ በቆመበት ቁጥር እያጠፋና እያበራ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደረሰ። ሁሉም ነገር ይጥፋ? የእሑዱ ሳቅ ጆሮው ላይ መጣበት።

"አዎ" የሚለውን ተጫነ።

ኮምፒውተሩ እዚያው ላይ ቀጥ አለ። ጥያቄው እንዳለ፣ የተጫነው "አዎ" ሰማያዊ እንደሆነ። ባዩ ቁልፎቹን ሲደበድብ በሩ ተከፈተ።

አበባይሽ ካፖርቷን ሳታወልቅ መጥታ ከኋላው ቆመች። ስክሪኑን አነበበች። ደግማ አነበበች።

"ይሄን ማነው የተጫነው?"

ባዩ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገረ፤ መፍቻውን፣ አልኮሉን፣ ቅባቱን፣ ለሞገስ የዋሸውን። አልጮኸችም። ባዩ ብትጮህ በወደደ።

"ሳይቆም ስንት ደቂቃ ይሠራል?"

"ስምንት።"

ገመዱን ነቀለች። የሳጥኑን ጎን ከፍታ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችውና መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተች። የየካቲት ብርድ ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሳሎኑን አቀዘቀዘው። ከዚያ ሰክታ አበራችው። ጽሑፉ ነበረ። ለማንበብ ጊዜ አልነበራትም፤ ሳታነበው ላከችው። በስድስተኛው ደቂቃ ትምህርት ቤቱ መድረሱን የሚገልጽ መልእክት መጣ።

ባዩ በረጅሙ ተነፈሰ። "ተመስገን! አየሽ፣ ምንም አልሆነም።"

አበባይሽ ዞራ አየችው።

"ቅባቱን ቆሻሻ መስሎህ ነው የጠረግከው። የእኔን ጽሑፍስ ምን መስሎህ ነው?"

ስልኳን አውጥታ ሞገስ ጋ ደወለች፤ "አቤት እትዬ" ሲል ስልኩን ለባዩ ዘረጋችለት።