መብራት የጠፋባት ቅጠል

ደጉን የሰደበው የእህቱ ባል ነቢዩ ነው። ዓመተ ምሕረቱ 2011፣ ቀኑ ከአስተርእዮ ማርያም ቀጥሎ ያለው እሑድ፣ የእህቱ የዝማሬ ቅልቅል ዕለት ነበር። ደጉ ይህን ቀን ሲያስታውስ አንድም ነገር አይስትም። የድንኳኑ ቀለም፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ ካፖርት፣ ማን ቀድሞ እንደሳቀ፣ ሁሉም እንደ ትናንት ነው። ሥጋው ተበልቶ ስጦታ በየስሙ መጠራት ሲጀምር ሙሽራው ራሱ ማይክሮፎኑን ተቀበለ። ደጉ በገዛ እጁ ሞርዶ የሠራትን የመስታወት አበባ ማስቀመጫ ነቢዩ ከካርቶኗ አወጣና ወደ ላይ አንስቶ አዟዟራት።

«ይቺ ደግሞ ከሚስቴ ወንድም ከመስታወት ቆራጩ ናት፤» አለ። «ከሰው መስኮት የተረፈች ትመስላለች። ግዴለም፣ ጭልፋ ማስቀመጫ ትሆነናለች።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ደጉም ሳቀ። ሌላውን ሁሉ ምናልባት ይረሳው ይሆናል፤ አብሮ መሳቁን ግን እስከ ዛሬ ለራሱ ይቅር አላለም። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው፣ ዲግሪ ያለው ሰው ሲሰድበው ምን እንደሚል አያውቅምና ሳቀ። መልሱ የመጣለት ማታ ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ያ መልስ በየጊዜው እየተቃና፣ እየተሳለ፣ ምላሱ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አለ።

ዛሬ ጠዋትም በእትዬ ከዲጃ የዕቃ ሱቅ ውስጥ ከመደርደሪያው ፊት ቆሞ የሚያላምጠው ይህንኑ ነበር። የእትዬ ከዲጃ ባል ኑሪ ከመርካቶ ወፍራም፣ ልሙጥ፣ ምንም ያልተቀረጸባቸው የአበባ ማስቀመጫዎች ያመጣል። ደጉ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው የመስታወት ቤቱ በሚሽከረከር ድንጋይ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ አበባና ሐረግ ይቀርጽባቸዋል፤ እስኪያበሩ ድረስ ያሻቸዋል። እትዬ ከዲጃ ደግሞ ወርቃማ ወረቀት ትለጥፍባቸውና «የቱርክ ክሪስታል» ብላ ትደረድራቸዋለች። በቦንጋ ስንት ሳሎን ውስጥ የእጁ ሥራ ቆሞ ይሆን? አንድም ሰው ግን የደጉ ነው ብሎ አያውቅም።

ዛሬ የመጣው ስሙን ሊለምን ነው። ከሥሯ፣ መቀመጫዋ ላይ፣ በትንሹ «ደጉ፣ ቦንጋ» ብሎ ልቅረጽ አላት።

«ማንም አያየውም እኮ፣ እትዬ ከዲጃ፤ ካልገለበጡት አይታይም።»

«ገልብጠው ነዋ የሚያዩት!» አለች እሷ፣ ብርጭቆ በጨርቅ እየወለወለች። «የቦንጋ ሰው ዕቃ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው ቂጡን ነው።»

«ቢያዩትስ?»

«ቱርክ ስላቸው በሁለት እጃቸው ይይዙታል። ቦንጋ ስላቸው በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው ዋጋ ቀንሺ ይሉኛል። ወላሂ እኔ ጠልቼህ አይደለም። ስምህ ያለበትን ሠርተህ አምጣልኝና እዚህ ጥግ ላስቀምጥልህ፤ አቧራ ሲጠጣ ታየዋለህ።»

እውነቷን መሆኑ ነው ያናደደው። ዓይኑን ወደ ላይኛው መደርደሪያ አነሣ። ባዶ ነው። እዚያ የነበረችው ከሠራቸው ሁሉ የሚወዳት፣ የኮረሪማ አበባ ያለባት ነበረች። ክረምቱን ሙሉ የደከመባት ናት። ልጅ ሆኖ ከጫካው ጥግ መሬት ለመሬት ያያት የነበረችውን አበባ፣ ከንፈሯን ወደ ውጭ እንደገለበጠች፣ በመስታወት ላይ አወጣት። ሊጨርሳት ጥቂት ሲቀረው ግን መብራት ጠፋ። ድንጋዩ ኃይሉ ሲደክም ነክሶ ይይዛልና የመጨረሻዋን ቅጠል ጠልቆ ቦጨቃት፤ ወደ ግራ ጠመመች። ያን ዕለት ዝማሬ ምሳ ይዛለት መጥታ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ሊሰብራት እጁን ሲያነሣ እጁን ይዛ፣ ቅጠል እኮ ጠማማም ይበቅላል፣ ተዋት አለችው። ተዋት።

«ኮረሪማዋስ?» አለ።

«ሄደች። ጥሩ ቤት ነው የገባችው።»

«ማን ወሰዳት?»

«ሰው ነዋ የሚወስድ፤» አለችና እትዬ ከዲጃ ጀርባዋን ሰጥታው ሌላ ብርጭቆ አነሣች።

ከሱቁ ሳይወጣ ስልኩ ጠራ። ዝማሬ ናት። የሳሎኑ ቡፌ የመሃል መደርደሪያ መስታወቱ ሳስቷል፣ ወፍራም መስታወት ቆርጠህ ዛሬውኑ ግጠምልኝ አለችው። ልኬቱን ነገረችው። ነቢዩ ምሳ ላይ እንግዳ ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ በፊት ቢደርስልኝ አለች። ምን ከባድ ነገር ልታስቀምጥበት እንደሆነ ሲጠይቃት ዕቃ ነዋ ብላ አለፈችው። ደጉ እዚያ ቤት ከዓመት በዓል በቀር አይገባም፤ ሲገባም በሩ አጠገብ ተቀምጦ ቶሎ ይወጣል። ግን ዝማሬ ናት። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ለሷ እምቢ ማለት አልሆነለትም።

ቆርጦ፣ ጠርዙን ሞርዶ፣ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቀለለና ባጃጅ ውስጥ ጉልበቱ ላይ እንደ ሕፃን አስተኝቶ ሄደ። ዝናቡ ያጠበው ዳገት ላይ ባጃጇ ስትዘል ባለባጃጁን ቀስ በል እያለ ይለምነዋል። «ጋሼ፣ መንገዱን እኔ አልሠራሁት፤» ይላል ልጁ።

ዝማሬ በጓዳ በኩል አስገባችው። ምድጃው አጠገብ ዓይኑ አንድ ነገር ላይ አረፈ። የቅልቅሉ ቀን ስጦታ፣ የመጀመሪያ ሥራው፣ በጭልፋና በማማሰያ ተሞልታ ቆማለች። ወጥ ተንጠባጥቦባታል። አፏ ላይ አንድ ቦታ ተሸርፋለች። የነቢዩ ቃል እንደ ትንቢት ደርሶ አየው።

ዝማሬ ያየውን አየች። «በየቀኑ የምነካት እሷን እኮ ነው፣ ጋሼ፤» አለች በካፊኖኖ፣ በእናታቸው ቋንቋ። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያወሩት በዚያው ነው። «ቡፌ ውስጥ ያለውን ማን ይነካዋል?»

ልታጽናናው መሆኑ ገብቶታል። አልተጽናናም። ጭልፋ ጭልፋ ነው።

ሳሎኑ ውስጥ ምንጣፉን እንዳያቆሽሽ ጫማውን አውልቆ አሮጌውን መስታወት አወጣ፤ አዲሱን ገጠመ። ጠርዙ ላይ መዳፉን አስኬደ፤ ለስላሳ ነው። መሣሪያውን መሰብሰብ ሲጀምር በሩ ተከፈተና ነቢዩ ገባ። ቀይ ክራቫቱን አላልቷል። በዚህ ወር የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሆኖ ተሹሟል። ከኋላው የመጣው አብዮት ይባላል፤ በቅርቡ ከሐዋሳ ተዛውሮ የመጣ ባልደረባው ነው። ትሑት ሰው ይመስላል፤ ደጉን ጎንበስ ብሎ ጨበጠው።

«ጋሽ ደጉ፣ አለህ እንዴ?» አለ ነቢዩ። «ጋሽ» ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ «አንተ» ይለዋል። «መደርደሪያዋ ትችላለች? የምትሸከመው ቀላል ዕቃ እንዳይመስልህ።»

«ስምንት ሚሊ ናት። ትችላለች፤» አለ ደጉ።

ነቢዩ መኝታ ቤት ገብቶ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ታቅፎ ወጣ። በአንድ እጁ አይደለም፤ በሁለት። አብዮትን ወንበር ላይ አስቀመጠውና ፎጣውን ቀስ ብሎ ገለጠ።

ደጉ መጀመሪያ ያየው አበባዋን አይደለም፤ ጠማማዋን ቅጠል ነው። መብራት የጠፋባትን። ቃል ከአፉ ሊያመልጠው ምንም አልቀረው።

«የቱርክ ክሪስታል ነው፤» አለ ነቢዩ ለአብዮት። «ዝምዬ ናት ለሹመቴ ያበረከተችልኝ። ፊኒሺንጉን እየው። ድምፁን ደግሞ ስማ።» በጥፍሩ ነካት። መስታወቷ ረዘም አድርጋ ጮኸች።

«ያምራል፤» አለ አብዮት ተጠግቶ። «አበባው ግን ምንድን ነው?»

«ቱሊፕ ይሆናላ። እነሱ ቱሊፕ ይወዳሉ።»

ከቤቱ ጀርባ ካለው አጥር ሥር ኮረሪማው በቅሎ ነበር። ደጉ በመስኮቱ በኩል ይታየው ነበር።

ዝማሬ ከባሏ እጅ ተቀብላ የአበባ ማስቀመጫዋን አዲሱ መደርደሪያ ላይ፣ ልክ መሃሉ ላይ አቆመቻት። ስታቆማት ጠማማዋን ቅጠል ወደ ግድግዳው አዞረቻት። ከዚያ ወንድሟን አየችው። ያኔ ገባው። አውቃ ነው የገዛችው። እትዬ ከዲጃ ጀርባዋን የሰጠችውም ለዚህ ነው።

ነቢዩ ጨዋታው ደርቶለታል። የቅልቅሉን ታሪክ ለአብዮት ያወራለት ጀመር። ማይክሮፎኑን፣ የመስኮት ትርፉን፣ ጭልፋውን አንድም ሳያስቀር፣ እንዲያውም እያሳመረ ተረከው። አብዮት አፍሮ ፈገግ አለ፤ ደጉን ላለማየት ምንጣፉን አየ።

«ዝምዬ፣ ያቺን ከጓዳ አምጫት እስቲ፤» አለ ነቢዩ። «አጠገብ ላጠገብ አድርገን ልዩነቱን እናሳየው።»

«ጭልፋ አለባት፤» አለች ዝማሬ። ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«እሺ ይቅር። ጋሽ ደጉ፣ አንተ ባለሙያ ነህና ፍረድ። እንዲህ ያለ ሥራ እዚህ ቦንጋ ውስጥ የሚሠራ ሰው አለ?»

እነሆ። ስንት ዓመት የጠበቀው ጥያቄ በገዛ እግሩ መጥቶ ፊቱ ቆመ። አስቦት ከነበረው የተሻለ ሆኖ፣ ምስክር ይዞ፣ ክራቫት አስሮ መጣለት። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው። «አዙራት» ማለት ይበቃል። አዙራትና ያቺን ቅጠል ተመልከት፤ መብራት የጠፋ ቀን እህቴ፣ ያንተ ሚስት፣ አጠገቤ ነበረች።

አፉን ከፈተ።

ዝማሬ የምሳ ሳህን የምታስተካክል መስላ፣ ቀና ሳትል፣ በካፊኖኖ ተናገረችው። ነቢዩ ቦንጋ ከመጣ ስንት ዓመቱ ነው፤ ከሰላምታ በቀር አንድ ቃል አልለመደም።

«ያንተ መሆኗን አውቄ ነው የገዛሁት። አንድ ቀን እንኳን የቤቱ መሃል ላይ ትቁም ብዬ ነው። ከተናገርክ ዛሬ ማታ እሷ ጓዳ ትገባለች፤ እኔም አብሬያት እገባለሁ። አንተ ተናግረህ ትሄዳለህ፣ ጋሼ። እኔ ግን እዚሁ ነኝ።»

«በአማርኛ አውሩ እንጂ፣ እንግዳ አለ፤» አለ ነቢዩ እየሳቀ። «ምን እያለችህ ነው?»

«ምሳ በልቶ ይሂድ እያልኩት ነው፤» አለች ዝማሬ።

ደጉ አፉን ዘጋ። ንዴቱ ግን ከነቢዩ ላይ ተነሥቶ ወደ እሷ ዞረ። ማን ደብቂኝ አለሽ? ማን አክብሪኝ ብሎ ለመነሽ? ሌባ እንደሚሸሽግ ሰው በፎጣ ጠቅልለሽ፣ የባዕድ ስም አውጥተሽ ነው የምታከብሪኝ? ስሙ ከመቀመጫዋ ሥር አልተጻፈ፤ አሁን ደግሞ ከአፉም እንዳይወጣ ተከለከለ። ይህን ሁሉ በልቡ አላት። እጆቿን ግን አየ። የተስተካከለውን ሳህን ደግመው ደጋግመው ያስተካክላሉ። የባሏን ሳቅ ደጉ አንድ ቀን ሰምቶት ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለው፤ እሷ በየቀኑ ትሰማዋለች።

ከኪሱ ጨርቁን አወጣ። ወደ ቡፌው ተጠግቶ የነቢዩ ጣት ያረፈበትን ቦታ ወለወለ። ከዚያ የአበባ ማስቀመጫዋን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሳይቸኩል፣ ጠማማዋ ቅጠል ወደ ሳሎኑ፣ ወደ ሰው ሁሉ ዓይን እንድትዞር አድርጎ አቆማት። ዝማሬ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፍ ሰማት። አላያትም። የቡፌውን በር ዘጋ፤ አሮጌውን መስታወት በብርድ ልብሱ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አደረገ።

«ጋሽ ደጉ፣ ጠየቅኩህ እኮ፤» አለ ነቢዩ ከኋላው። «አለ ወይስ የለም?»

ደጉ በሩ ጋ ቁጢጥ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ አሰረ። አንደኛው ማሰሪያ ተበጥሶ ስለነበር ቋጠረው። ዝናቡ እንደገና ጀምሯል። ተነሥቶ ደረጃውን ሲወርድ የአብዮት ድምፅ በተከፈተው በር ተከተለው።

«ይቺኛዋ ቅጠል ግን ለምን ለብቻዋ ጠመመች?»

ነቢዩ የሚመልሰውን ለመስማት አልቆመም፤ መስታወቱን ከዝናቡ በኮቱ ሸፍኖ ዳገቱን ቁልቁል ሄደ።