«ሳም» ማለት

ተኳሹ ጠብመንጃ ነክቶ አያውቅም። የሚተኩሰው ልብስ ነበር፤ በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ እንፋሎት ውስጥ ቆሞ፣ አንሶላና ሸሚዝ። እንግሊዝኛን የለቀመው እንግዶች ጥለውት ከሚሄዱት ጋዜጣ ነው። አብራው የምትሠራውን አጣቢ እንግዳ መቀበያው ላይ ለመቆም ተፈተኚ ብሎ የገፋፋት እሱ ነበር፤ የእንግሊዝኛ ቃላት ከነፍቺያቸው ያስጠናት ጀመር።

ጎሚስታው ወንድሟ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። እሱ እንደሆነ ድሮም እጁ ከአፉ ይቀድማል። አንገቷን ከግድግዳ አጣብቆ፣ «ከዚያ ሰውዬ ጋር ሁለተኛ ብትታዪ፣ የምደፋው እሱን ነው» አላት። እንደማይቀልድ ታውቃለች፤ ባለፈው በቡጢ ያሳበጠው ከንፈሯ ገና አልጎደለም። ግን ፈተናው ደረሰ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ የክፍሉን በር ዘግተው ጥናቱን ቀጠሉ።

«ጥቂት፣ የተወሰነ?» አለ ተኳሹ ካውያውን እየገፋ።

«ሳም።»

«አልሰማሁም! እንግዳውንም እንዲህ ልታንሾካሹኪበት ነው?»

«ሳም! ሳም አልኩህ እኮ!» ብላ ሳቀች።

«እንዲህ ነው እንጂ የኔ እመቤት! ድገሚው!»

«ሳም!»

በሩ በእርግጫ ተገነጠለ። ወንድሟ የጎማ መፈልቀቂያውን ብረት እንደያዘ ከሥራው መጥቶ፣ ከበሩ ኋላ ቆሞ ኖሯል። የማጠቢያ ማሽኑ ጩኸት ሌላውን ሁሉ ውጦት፣ የሰማው ያቺን የጮኸቻትን ቃል ብቻ ነው።

«ሳም ነው የምትይው? ሳም?»

«እንግሊዝኛ ነው! በናትህ፣ ጥቂት ማለት ነው፣ ጥቂት...»

«ጥቂት ሳም? ጥቂት አይበቃውም!»

የመጀመሪያው ምት የተኳሹን ክንድ ሰበረው፤ አጥንቱ እንደ ልብስ መስቀያ ቀጭ አለ። ካውያው ወለሉ ላይ ወድቆ ሺሽ ይላል። «ወንድሜ፣ ቆይ ላስረዳህ» አለ ተኳሹ በደህናው እጁ ፊቱን ጋርዶ። ሁለተኛው ምት ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። አጣቢዋ ወንድሟ ጀርባ ላይ ተንጠልጥላ ትከሻውን ነከሰችው፤ አፏን ደም ደም እስኪላት ነከሰችው። አሽቀንጥሮ ከማሽኑ ጋር አላተማት። ከወደቀችበት ሆና ብረቱ ሲወርድ፣ የታጠፈው አንሶላም ሲቀላ አየች። የሆቴሉ ዘበኞች ተረባርበው ወንድሟን ሲጥሉት ተኳሹ መተንፈስ አቁሟል።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ እናቷ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። «ሊስመኝ ታገለኝ በይ። እሱ እንደሆነ ሞቷል፣ ከእንግዲህ ምን ይጎዳዋል? ወንድምሽን አትርፊልኝ። ይኸው ጡቴ!»

መርማሪው ወንበር ሳበላት። «ሟች ነክቶሽ ነበር?»

በክፍት በሩ በኩል ወንድሟ ይታያታል፤ እጁ በካቴና፣ ዓይኑ እሷ ላይ።

«አልነካኝም» አለች። «ቃል ነበር የሚያስጠናኝ።»

«ምን ቃል?»

ነገረችው። መርማሪው ብዕሩን አቁሞ ቀና ብሎ አያት። ፊቷ ጋለ፤ ቢሆንም ትርጉሙን አስረድታ፣ የሆነውን አንድ በአንድ አስጻፈችው።

ስትወጣ እናቷ በጥፊ አጮለቻት። ደገመቻት። አጣቢዋ ለመከላከል እንኳ እጇን አላነሳችም። እናቷ ሲበቃት፣ የተኳሹን አስከሬን ሊቀበሉ የመጡት ዘመዶቹ የት እንዳሉ የጣቢያውን ዘበኛ ጠየቀችና ወደዚያው ሄደች።