ሱአድ ነቀምቴ የገባች ሰሞን

ሱአድ ከሱዳን ጦርነት አምልጣ ነቀምቴ ስትገባ የቀራት ነገር ቢኖር እልህ ብቻ ነበር። ካርቱም ውስጥ ሦስት ዓመት ፋርማሲ የተማረችበት ዩኒቨርሲቲ ተቃጥሏል፤ የትምህርት ማስረጃዋም አብሮ ነዷል። የተቀበላት የግል ኮሌጅ ደግሞ ማስረጃ ከሌለሽ ከአንደኛ ዓመት ትጀምሪያለሽ አላት። ብትለምንም፣ ብትቆጣም፣ ፈትኑኝ ብትልም የሚሰማት አልተገኘም።

ከዚህ ይበልጥ የሚያንገበግባት ግን አባቷ ዋቅወያ ከፖርት ሱዳን ሲሸኛት ያላት ነገር ነው። የምትሄጂው ሰው አገር አይደለም፣ ቤትሽ ነው ብሏት ነበር። ምኑ ነው ቤቷ? ዶርም ውስጥ ስሟ “ሱዳኒቷ” ሆኖ ቀረ። ከእናቷ የወረሰችው የወሎ አማርኛ ያስቃቸዋል። ከአባቷ የለቃቀመችውን ኦሮምኛ ደግሞ ገበያ ላይ ስትሞክረው ሻጮቹ ፈገግ ብለው በአማርኛ ይመልሱላታል። ጡረታ የወጡት መምህር፣ አጎቷ አቶ ሞረዳ፣ መናኸሪያ ተቀብለው ሻንጣዋን ዶርም ድረስ ተሸክመውላታል፤ ቤታቸው ግን አንድም ቀን ነይ አላሏትም። የአባቷ አገር ዲጋ ቅርብ ነው ሲባል ሰምታ ዘመዶቼን መቼ ነው የሚያስተዋውቁኝ ብትላቸው፣ አንቺ ትምህርትሽን ያዢ እያሉ ያልፏታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የግቢው ጥበቃ እንግዳ አለሽ ብሎ አስጠራት። በሩ ላይ ዕድሜዋ ሠላሳን ያለፈ ሴት ዣንጥላ ይዛ ቆማለች። “አከም ጅርታ” ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ከሰጠች በኋላ ወደ አማርኛ ዞረች።

“ኢቢሴ እባላለሁ። የዋቅወያ ልጅ ነኝ።”

ሱአድ የስም መመሳሰል መስሏት ተሳስተሻል አለቻት። ሴትየዋ የአያታቸውን ስም ጠራች፤ ዋቅወያ ግራ እጁ ላይ ትንሿ ጣቱ በወፍጮ እንደተቆረጠች ተናገረች። ሱአድ ያን እጅ ታውቀዋለች።

“ውሸታም ነሽ” አለቻት።

ኢቢሴ አልተቀየመችም። ነገሩን ከሥሩ ነገረቻት። አባቷ ሥራ ፍለጋ ሱዳን ሲሄድ እሷ ገና ሕፃን ነበረች። ብዙም ሳይቆይ አቶ ሞረዳ ዲጋ መጥተው ዋቅወያ ሞቷል ብለው አረዷቸው። እናቷ ለቅሶ ተቀመጠች፣ ጥቁር ለበሰች፣ ሌላ ባል ሳታገባ ኖራ አምና አረፈች። ባለፈው እሑድ ኢቢሴ ነቀምቴ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ፣ የሞረዳ የወንድም ልጅ ከሱዳን ገባች ሲባል ሰማች።

“አልኩኝ፣ ያ ሁሉ ዘመን የተለቀሰለት ሰው እንዴት ነው ያንቺን የሚያህል ልጅ የሚኖረው?”

ሱአድ እዚያው ቆማ አባቷ ጋር ደወለች።

“አባ፣ ኢቢሴ ማናት?”

“ሞረዳ ነው የነገረሽ?” አላት።

ደሟ የፈላው ያኔ ነው። ማን ነገረሽ አለ እንጂ ልጄ ደህና ናት ወይ አላለም።

“ልጅህ ናት ወይስ አይደለችም?”

“ልጄ ናት። ስታድጊ ልነግርሽ ነበር።”

“ጓደኞቼን ቀብሬ ነው የመጣሁት። ከዚህ በላይ ምን ልደግልህ?”

ኢቢሴ እጇን ዘረጋችና ስልኩን ተቀበለቻት። በኦሮምኛ ቀስ ብላ፣ እናቴ ጥቁሯን እንደለበሰች ተቀበረች አለችው። ሌላ ቃል ሳትጨምር ዘግታ መለሰችላት።

ሱአድ ጠያይቃ አጎቷ ቤት ስትደርስ አቶ ሞረዳ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊቷን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። አባትሽ እዚያ ሌላ ትዳር ይዞ፣ ሞተ በልልኝ ብሎ ለመነኝ አሏት። የኢቢሴ እናት ተስፋ ቆርጣ እንድታገባ ብዬ ነው፤ ለእሷው ብዬ ነው አሉ።

“ለእኔ አይንገሩኝ። ዲጋ ሄደው ለኢቢሴ ይንገሯት።”

ሽማግሌ ይዤ እሄዳለሁ አሉ።

“ሽማግሌ የለም። መርዶውን የነገሯቸው ብቻዎን ነው። አልሄድም ካሉ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እኔ እናገረዋለሁ።”

ቅዳሜ አብረው ሚኒባስ ተሳፍረው ዲጋ ሄዱ። ኢቢሴ በሩን ከፍታ ሱአድን አስገባቻት። አቶ ሞረዳን ግን ግቡ አላለቻቸውም። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ጭንቅላታቸው እየራሰ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ተናገሩ። ጎረቤት በየደጁ ቆሞ ያያል። በመጨረሻ ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ አሉ።

“ሰምቻለሁ” አለች ኢቢሴ፤ በሩንም ዘጋችው።

ሁለቱ ሴቶች አልተቃቀፉም። ሱአድ ጥርሷን ነክሳ መሀል ቤቱ ላይ ቆማለች።

“ማልቀስ ከፈለግሽ አልቅሺ” አለቻት ኢቢሴ።

“አላለቅስም።”

“እኔም አላለቅስም” ብላ ወንበር ሳበችላትና ምሳ ልታቀርብ ወደ ጓዳ ገባች።