ከፊታውራሪው ካባ ጀርባ

ኤርሚያስ የሰደበኝ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። የሚካኤል ዕለት። ቦታው የአክስቱ የእማማ ወለተሥላሴ ሠልስት፤ ድንኳኑ የእድራችን፣ የድንኳኑ ብረት ደግሞ እኔ ራሴ የበየድኩት። ከቄሶቹ ቀጥሎ ባለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ንፍሮ ስዘግን ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «ሀብቴ፣ ወንበር ቢሰበርብን እንጠራህ ነበር። እስከዚያው ወደ በሩ ጠጋ በል፣ እንግዶች ይቀመጡ» አለኝ። ሰው ሳቀ። ለቅሶ ቤት ነው እኮ! የእድሩን ዕቃ የምትጠብቀው ሙሉነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እያለቀሰች ይሆናል እንዳልል፣ ሟቿን በሕይወት ሳሉም አትወዳቸውም። እኔ ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ስድቡን እንኳ በቻልኩት፤ እንደታዘዘ ልጅ ብድግ ማለቴ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ሌሎችም ሰድበውኛል። ሁሉንም ከነቀኑ አውቀዋለሁ፣ ለጊዜው ይቆየን። ከኤርሚያስ ጋር ግን አሥራ አንድ ዓመት በጥርሴ ሰላም ስለው ኖሬ፣ ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ያለው ብየዳ ቤቴ ድረስ በእግሩ መጣ። ብብቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«ሀብቴ፣ የኔ ጌታ! እንደምን አለህልኝ?»

«ምን ተሰበረብህ?» አልኩት።

አልገባውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ያሉት ወደው አይደለም።

ጋዜጣውን ፈታው። በመስታወት የገባ አሮጌ ፎቶ ነው። ድሬዳዋ ላይ የቆመ የእንፋሎት ባቡር፣ ከፊቱ ካባ የደረቡ፣ ጥላ የያዙ ሰውዬ። ሰውዬው የኤርሚያስ አያት፣ ፊታውራሪው ናቸው። ኤርሚያስ በሐኪም ጋራ በኩል ሎጅ እየሠራ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። አሁን ደግሞ ግቢው ውስጥ ይህንኑ ባቡር በቁሙ፣ በሙሉ መጠኑ ሊያቆም አስቧል። ጎብኚው ውስጡ ገብቶ ማኪያቶ ሊጠጣ።

«ባቡር ሐረር ገብቶ አያውቅም» አልኩት።

«እኮ! እኛ እናስገባዋለን።»

ይህን ሲል ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ሐረር በባቡር ጉዳይ ቂመኛ ናት። ፈረንጆቹ ሀዲዱን ወደ እኛ ሲያመጡ ተራራውን አይተው ደነገጡና ሜዳው ላይ አራገፉት፤ ያ ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ፣ እኛ ጋ ወሬው ብቻ ወጣ። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ እናኮርፋለን። ስለዚህ ሰዎች «ሀብተወልድ ቂም ይይዛል» ሲሉኝ፣ ያደግኩበት ከተማ ነው እላለሁ።

ዋጋ አልተከራከርኩም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። «ሲመረቅ፣ በእድሩ ሰው ፊት፣ ይህን የሠራው ሀብተወልድ ነው ብለህ ትናገራለህ። በአፍህ።»

«ይኸ ነው እንዴ? በማይክራፎን ነዋ የምናገርልህ! በሥላሴ!» ብሎ መሐላውን ወረወረው። ለእሱ መሐላ እንደ ሰላምታ ነው።

ሥራው ሲጀመር መጠኑ አስቸገረን። ፎቶው ላይ መለኪያ የለም፤ መለኪያ ሊሆን የሚችለው ሰውዬው ብቻ ናቸው።

«አያትህ ስንት ሜትር ነበሩ?»

«ሁለት። ሁለትም ያልፋሉ።»

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ፊታውራሪውን በልጅነቷ ታውቃቸው ነበር። ድንጋይ ካልተቀመጠላቸው በቅሎ ላይ አይወጡም፤ ድንጋዩን የሚሸከም ሎሌ ለብቻው ነበራቸው። ይህን ለኤርሚያስ ብነግረው ባቡሩም ይቀራል፣ ማይክራፎኑም ይቀራል። ሁለት ሜትር ብዬ ጻፍኩ። እንግዲህ አንድ ድንክ ሰው ሁለት ሜትር ሲሆን ከኋላው ያለው ባቡር ምን እንደሚሆን አስቡት። መንኰራኩሩ ደረቴ ላይ ደረሰ። የዚያ መሥመር ሀዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር እንደሆነ ድሬዳዋ የተወለደ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ በፊታውራሪው ቁመት ሲሰላ ግን አንድ ሜትር ከሩብን አለፈ።

«ኤርሚያስ፣ ሀዲዱ እኮ አንድ ሜትር ነው።»

«አያቴ ጠባብ ነገር አጠገብ ቆመው ፎቶ አይነሡም።»

ሁለተኛው ችግር ካባው ነበር። ፊታውራሪው ካባቸውን ዘርግተው የቆሙት ልክ መንኰራኩሮቹ መሀል ነው። መንኰራኩሮቹን የሚያያይዘው ዘንግ ከፊት ይመጣል፣ ካባው ጋ ሲደርስ ይጠፋል፣ በወዲያኛው በኩል ብቅ ይላል።

«ከአያትህ ጀርባ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኩት።

ኤርሚያስ ቱግ አለ። «ከአያቴ ጀርባ? ከአያቴ ጀርባ ሠራዊት ነበር!»

«ባቡሩ ላይ ማለቴ ነው።»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። ባለሙያው አንተ አይደለህ?»

ድሬዳዋ ወርጄ የቆሙትን አሮጌ ባቡሮች ልይ ብለው፣ «የሌላውን ባቡር ምን ታደርገዋለህ? እኔ የምፈልገው የአያቴን ነው» ብሎ ከለከለኝ።

ሰባት ወር ለፋሁ። ሆዱን ከተገለበጠ የነዳጅ ቦቴ ቆረጥኩት፣ ጭስ ማውጫውን ከውኃ ጉድጓድ ቧንቧ፣ የፊት መብራቱን ከአይሱዙ። የጥንት ሰው ብረት የሚያያይዘው በብየዳ ሳይሆን በምስማር ነውና፣ የብሎን ራስ እየቆረጥኩ እንደ ኩፍኝ ገላውን ሁሉ ለጠፍኩበት። ብረቱን የሚያመጣልኝ ዓሊዪ ነው፤ ውዳቂ ብረት ነጋዴ፣ ጀጎል ውስጥ ተወልዶ ያደገ፣ ምላሱ ከመጋዝ የሚብስ።

«ወሪያ ሀብቴ፣ አቦ ፈረንጅ ያቃተውን አንተ በቦቴ?» ይለኛል። «ወላሂ፣ ይኼ ነገር ከተነሣ እኔም እሳፈርበታለሁ።»

ከካባው ጀርባ የሚሆነውንም ያገኘው እሱ ነው። ድሬ ጠያራ ወረዳ አንድ ወፍጮ ቤት ተቃጥሎ፣ ከውስጡ ትልቅ ባለጥርስ መዘውር ገዛና በጋሪ አመጣው። ጥርሱ መሀል የተጋገረ የማሽላ ዱቄት አለበት። አየሁት፣ ወደድኩት፣ በየድኩት።

«ባቡር ላይ ይኼ ምን ይሠራል?» አለ ዓሊዪ።

«የፊታውራሪውን ጀርባ ማን አይቶ?»

«እሱስ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው» ብሎ ሳቀ።

ጥቁር ቀለም ቀብቼ ስጨርስ ኤርሚያስ መጣና ዞር ዞር ብሎ አየው። እጁን ጫነበት። አንድም እንከን አላወጣለትም። ከዚያ፣ «አስረጀው» አለኝ።

«ምን?»

«አዲስ ይመስላል። የዛገ አስመስለው።»

ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ግን ሥራው ራሱ ይዞኝ ነበር። ቀለሙን በብሩሽ ፋቅሁ፣ በጨው ውኃና በሎሚ አጠብኩት፣ ጸሐይ ላይ አሰጣሁት። አንድ ወር ሙሉ ዝገት ዘራሁ፣ ዝገት አበቀልኩ። በመጨረሻ እኔ ራሴ ሳየው፣ ከእኔ በፊት የተወለደ መሰለኝ።

የምረቃው ዕለት እሑድ ነበር። የእድሩ ሰው ከቅዳሴ መልስ ነጭ እንደለበሰ ሎጁ ግቢ መጥቷል፤ ሙሉነሽም አለች፣ ዓሊዪም ጥግ ይዟል፤ ካሜራ ያነገቱ እንግዶችም ሞልተዋል። እኔ ሙሉ ልብስ ለብሻለሁ። ሲጠሩኝ የት እንደምቆም፣ ፊቴን እንዴት እንደማደርግ ሁሉ ሌሊቱን ሳስብ አድሬያለሁ። እንዳልፈግግ ወስኛለሁ።

ኤርሚያስ ማይክራፎኑን ያዘ።

«ክቡራትና ክቡራን! ይህ የምታዩት አምሳል አይደለም። አያቴ ፊታውራሪ አጠገቡ የቆሙበት፣ ራሱ ባቡሩ ነው! በረሃ ውስጥ ወድቆ ስንት ዘመን ሲበሰብስ፣ ፈልገን፣ አንሥተን፣ አድሰን፣ ተራራውን አውጥተን አምጥተነዋል! ሐረር ዛሬ ባቡሯን አገኘች!»

ጭብጨባው አስተጋባ። ሴቶቹ እልል አሉ።

«በዚህ አጋጣሚ» አለ ኤርሚያስ፣ እኔ ወዳለሁበት ሳያይ፣ «ዝገቱን ያጠቡልንን የሰፈራችንን ሰዎች እናመሰግናለን።»

ዝገቱን ያጠቡልንን! አንድ ወር ሙሉ የዘራሁትን!

ስሜ አልተጠራም። ሥራዬን ባበላሸው ኖሮ ሰው ሁሉ «ይኼማ የሀብቴ ነው» ይል ነበር። ስላሳመርኩት የፈረንጅ ሆነ።

አጠገቤ ሙሉነሽ ነበረች። «እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኳት።

«ምኑን?»

«ባቡሩን። ከቦቴ ነው የሠራሁት።»

ከባቡሩ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ባቡሩ አየች። «ተው ሀብቴ፣ በሰንበት አትዋሽ።»

«ላሳያችሁ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ዞረ። «ኑ፣ ላሳያችሁ! የወፍጮ መዘውር ነው ያለበት! ዱቄቱ እንኳ አልለቀቀም! ዓሊዪ ምስክሬ ነው!»

ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ነገር አለ ብሎ ተከተለኝ። ኤርሚያስ ማይክራፎኑን እንደያዘ በሩጫ ደረሰ። ፊቱ ዐመድ መስሏል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ነፍሴ ለመለመች።

መዘውሩ ጋ ስንደርስ ግን ሰው ቀድሞናል። ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር የሸጎጡ፣ ዐይናቸው የደከመ ሽማግሌ በግራ እጃቸው ጥርሱን አንድ በአንድ እየዳሰሱ ቆመዋል። አባባ በቀለ ይባላሉ። ኤርሚያስ ራሱ ነው ከድሬዳዋ በመኪና ያስመጣቸው፤ በልጅነታቸው የባቡር ከሰል ይጭኑ ስለነበር፣ ለእንግዶቹ ጥቂት ትዝታ ያወሩልኛል ብሎ።

«እሷ ናት» አሉ አባባ በቀለ። ለማንም አይደለም የሚናገሩት። ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡ፤ ሁለቱ ጣቶች ከሥራቸው የሉም። «ይቺ ጥርስ ናት የበላችኝ።»

ሰው ሊያይ ተጠጋ።

«ዕድሜ ልኬን አላመኑኝም» አሉ። «ጓደኞቼ፣ እንዲህ ያለ ጥርስ ባቡር ላይ የለም፣ ሰክረህ በር ነው የቆረጠህ ይሉኛል። ልጆቼም ወገኑላቸው። እኔም እኮ በኋላ በኋላ ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር።» ከዘራቸውን ጣሉና ባለሦስት ጣቱን እጅ መዘውሩ ላይ አሳረፉ። «መጠኗም ያው ነው። ግዙፍ ነበረች። ልጅ ስለነበርክ ነው የገዘፈችብህ ይሉኝ ነበር። ይኸው አርጅቼም ግዙፍ ናት!»

አለቀሱ። ሙሉነሽም አለቀሰች፤ ይህኛው ግን የእውነቷን ነው። ዓሊዪን በዐይኔ ፈለግኩት። መሬት መሬት እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ዱዓ ይሁን ሌላ አላውቅም።

አፌን ከፍቼ ነበር። የማሽላው ዱቄት ከጣታቸው ሥር ተጋግሮ ይታየኛል፤ በጥፍር ፍቆ ለሰው ማሳየት ብቻ ነው የቀረኝ።

ኤርሚያስ ቀረበኝና በጆሮዬ፣ «ሀብቴ፣ በእናትህ» አለኝ።

አባባ በቀለ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ነህ ላሳያችሁ ስትል የነበርከው? ዝገቷን ያጠብካት አንተ ነህ?» እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «እጅህ ይባረክ። እስቲ ንገራቸው ልጄ፣ እኔን አያምኑኝም። የት አገኛችኋት?»

ሁሉም እኔን ይጠብቃል። የእድሩ ሰው ያለ አንድ ሳቅ አፌን ሲጠብቅ፣ በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

እጄን ከእጃቸው ቀስ ብዬ አላቀቅኩ። ከዘራቸውን ከመሬት አንሥቼ አስያዝኳቸው። ከዚያ በሰው መሀል ወደ በሩ ሄድኩ። መንገድ ለቀቁልኝ።

ኤርሚያስ ማይክራፎኑን መያዙን የረሳ ይመስለኛል። «ሀብተወልድ!» አለ። ድምፅ ማጉያው ስሜን ሳያሳጥር በሐኪም ጋራ ሁሉ አስተጋባው። «ሀብተወልድ! ወዴት ነው? ና እንጂ፣ ተናገር!»

ቁልቁለቱን ወረድኩ።