አረንጓዴው ክር

እድላዊት ክሩን የቆረጠችው ለእምነቷ ስትል ነው። በኋላ ነገሩ ሁሉ ሲገለጥም ይህን ማንም አልካዳትም።

ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ ተድራ የመጣችው በጥቅምት ነው። የሠርጓ ሽር ጉድ ሳያልቅ ጾመ ነቢያት ገባ። የሐይቅ ሰው "ዓሣ እኮ አያስገድፍም" እያለ ቢያባብላትም፣ የጥብሱ ሽታ በየምሽቱ በአጥሩ ላይ እየዘለለ ቢመጣም፣ እሷ ግን ጾሟን ያለ ዓሣ ፈጸመች። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ልጅ ናት፤ ነገር ሁሉ በቦታው ሲሆን ደስ ይላታል።

በገና ዋዜማ ባሏ ዝናው ከደሴ አንድ የፕላስቲክ ዛፍ በብብቱ ይዞ መጣ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቁሞ መብራቱን ሲሰካው ዛፉ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

"ቤተልሔም ውስጥ ፕላስቲክ ነበር እንዴ?" አለችው።

"ቤተልሔም ዶሮ ወጥም አልነበረም። እሱን ግን ትበያለሽ።"

አማቷ ወይዘሮ ለተብርሃን ከጓዳ ሆነው ሳቁ። "ተዪው ልጄ፣ ጥጉን ይዞ ይቁም። ዛፍ ቆመብኝ ብሎ ጌታ አይቀየምም።"

እድላዊት ዛፉን አለፈችው። ሁለት ወር ተኩል በሆናት ቤት ውስጥ በዛፍ መጣላት አልፈለገችም። ከዚህ ሁሉ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አማቷ አንድ ቀን የጓዳውን ቁልፍ ሰጥተዋት፣ "አንቺ ታውቂያለሽ" ብለው እንዲወጡ። ከሰዓቱን ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ስታጠና ዋለች፤ ስለዚህ በዚያ ቀን ጓዳ ውስጥ የተሠራውን አላየችም።

ሌሊቱን ቅዳሴ አድረው ጎሕ ሲቀድ ተመለሱ። በጭኮ ጾማቸውን ፈቱና ሌሎቹ ጋደም አሉ። እድላዊት ግን እንግዳ ሳይመጣ ጓዳውን ላጽዳ ብላ ተነሣች። ምድጃው አጠገብ ሁለት አዳዲስ ድስቶች በዶሮ ወጥ ሞልተው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገቻቸው፤ ወለሉን ጠረገች፤ ቄጠማ ጎዘጎዘች። ከዚያ ድስቶቹን በጨርቅ ስትወለውል በአንደኛው ጆሮ ላይ አረንጓዴ ክር አየች። ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል።

ወጥ በቡዳ እንዳይበላ ብለው ክር የሚያስሩ ሰዎች እንዳሉ ሰምታለች። በጌታ ልደት ቀን! 'ዛፉን አልፌዋለሁ' አለች በልቧ፤ 'ይህን ግን አላልፍም።' በቢላ ቆርጣ ፍሙ ውስጥ ጣለችው። ክሩ ጭስ እንኳ ሳያወጣ ሙሽሽ ብሎ ጠፋ። ድስቶቹን እንደገና ወልውላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ደስ አላት።

ቀትር ላይ ጎረቤታሞቹ ባልና ሚስት መጡ፤ ዓሣ አጥማጁ ጋሼ ኑርዬና ሚስታቸው እትዬ ዑምኩልሱም። ሰላምታው፣ ምርቃቱ፣ "እንኳን አደረሳችሁ"ው አለቀና እትዬ ዑምኩልሱም የራሳቸውን ጭልፋ ይዘው እንደ ቤታቸው ወደ ጓዳ ገቡ። ወዲያው ድምፃቸው ተሰማ።

"ለቱ! ኧረ ክሬ የታለ?"

"የምን ክር?" አለ ዝናው።

"ያሰርኳት አረንጓዴ ክር ናታ!"

ወይዘሮ ለተብርሃን ተነሡ። እድላዊትም ተከተለቻቸው። "ክሩ ምንድን ነበር፣ እትዬ?" አለች።

"ምልክት ነዋ፣ የኔ ልጅ። አንዱ ድስት የኛ ነው። ዶሮውን ኑርዬ ነው ያረደው፤ ትናንት እዚሁ ከእናትሽ ከለቱ ጋር ሠራነው። የናንተውን ዝናው አረደ። ባለፈው ወር አሮጌዎቹ ቢበሱብን ከውጫሌ ገበያ ሁለቱን ገዛናቸው፤ ከአንድ ሆድ እንደወጡ መንታ ናቸው። እኛ የናንተን ሥጋ አንበላ፣ እናንተም የኛን። ዒድ ሲሆን ደግሞ የናንተው ድስት ወደኛ ቤት ይመጣል።"

የእድላዊት ቤተሰቦች ደሴ ላይ ለእስላም ጎረቤቶቻቸው ዶሮውን ሳያርዱ በነፍሱ ነበር የሚልኩት። ሁለት እምነት በአንድ ጓዳ ጎን ለጎን ይበስላል ብላ አስባ አታውቅም።

"መቼም ወድቆ ነው" አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን። "ግድ የለም፤ ያንቺው በግራ ያለው ነው። በግራ አስቀምጠነው አልነበር?"

"በግራ ነው፤ አዎ።" እትዬ ዑምኩልሱም የግራውን ድስት ከፈቱና ጭልፋቸውን አነሡ።

እድላዊት ድስቶቹን አየች። ከምድጃ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ መደርደሪያ አንሥታቸዋለች፤ የትኛውን እንዳስቀደመች አታውቅም። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። የአማቷን ፊት አየች። የዘንድሮው ገና፣ የጓዳው ቁልፍ፣ "አንቺ ታውቂያለሽ" የሚለው ቃል፣ ሁሉም ከዚያ ጭልፋ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ መሰላት።

"ቆይ! እትዬ፣ አይንኩት!"

ጭልፋው አየር ላይ ቆመ።

"እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ለቡዳ የታሰረ መስሎኝ እሳት ውስጥ ጣልኩት። ድስቶቹንም አዘዋውሬያቸዋለሁ። የቱ የማን እንደሆነ አላውቅም።"

ወይዘሮ ለተብርሃን ዓይናቸውን ከድስቶቹ ላይ አልነቀሉም፤ እድላዊትን ያስፈራት ይኸው ነበር። መጀመሪያ የተናገሩት በሩን ተደግፈው ይሰሙ የነበሩት ጋሼ ኑርዬ ናቸው።

"ወላሂ፣ ቡዳ ሳይሆን ሙሽራ በላችው!"

እትዬ ዑምኩልሱም ሳቃቸው አመለጣቸው። ዝናው ሮጦ መጥቶ ሁለቱንም ድስት በየተራ አየ። "የናንተ ዶሮ ቀይ አልነበረም?"

"ላባውን ሲለብስ ጠይቀው" አሉት ጋሼ ኑርዬ።

"እሺ እናቴ ትቅመስና ትለየው።"

"ወጡን ያቀናነው እኔና ዑሙ አብረን ነው" አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን በመጨረሻ። "በርበሬው አንድ፣ ቅቤው አንድ። በምን እለየዋለሁ?" ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ። "ዝም ብትዪ ኖሮ አናውቅም ነበር።"

"እግዜር ያውቅ ነበር" አለች እድላዊት፤ እንባዋ መጥቷል።

"አብሽሪ፣ የኔ ልጅ" አሉ እትዬ ዑምኩልሱም ክንዷን ይዘው። "ያልታወቀ ነገር አንበላም፤ ያ ነው ያለው። ሐራም ከምታበይን ብታስርቢን ይሻላል።"

"ማንም አይራብም" አሉ ጋሼ ኑርዬ። "ዛሬ ጠዋት ከሐይቁ መረቤን አውጥቻለሁ። ቆሮሶ ሞልቷል። ዓሣ ቢላ አይጠይቅ፣ ቢስሚላህና በስመ አብ አያጣላ!"

ዝናውና ጋሼ ኑርዬ ዓሣውን ሊያመጡ ወጡ። ሴቶቹ ሁለቱን ድስቶች ወደ ጓሮ አውጥተው ለሰፈሩ ውሾች ገለበጡላቸው። አንጀት ይበላል፤ ሁለት ድስት ዶሮ! እድላዊት ፊቷን አዞረች። ውሾቹ ግን ጾም እንደነበሩ ሁሉ ገናን በወጉ አከበሩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ዓሣው ዘይት ውስጥ ይንጫጫ ጀመር። በሌላው ጊዜ በዚህ ቤት የገና ምሳ በሁለት ትሪ ነበር የሚቀርበው፤ ሁለቱ ቤተሰቦች እየተሳሳቁ፣ በየትሪያቸው ዙሪያ። ዛሬ ወይዘሮ ለተብርሃን አንዱን ትልቁን ትሪ አወረዱ። ግማሾቹ አማተቡ፣ ግማሾቹ ቢስሚላህ አሉ፤ አምስት እጅ በአንድ ላይ ተዘረጋ።

ጋሼ ኑርዬ ትልቁን ቆሮሶ እድላዊት ፊት ገፉላት። "እህ፣ እንግዲህ አርባ ሦስት ቀን አኩርፈሽዋል። ዛሬ ታረቂው።"

ታረቀችው። ያ ሁሉ ቀን በአጥር የዘለለው ሽታ ውሸት አልነበረም።

ከምሳ በኋላ ድስቶቹን በአመድ ፈትጋ፣ በፈላ ውኃ ደጋግማ አጥባ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። እትዬ ዑምኩልሱም መጥተው አዩዋቸው። "አሁንስ የቱ ነው የኔ?"

"እድላዊት ትምረጥ" አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን፤ የክሩንም ጥቅል አቀበሏት። "ከዛሬ ወዲያ የምታስረው እሷ ናት። ዒድም ሲመጣ፣ ገናም ሲመጣ።"

ዝናው የዛፉን መብራት ነቅሎ፣ ከቅርንጫፉ አንዲት የምታብረቀርቅ አረንጓዴ ጭራ በጥሶ መጣ። "በዚህ እሰሪው፤ ዛፌም ሥራ ያግኝ።"

"እሳት ላይ ይቀልጣል" አለችው እድላዊት። ክሩን ለካች፤ ቆረጠች፤ በአንደኛው ድስት ጆሮ ላይ ሦስት ጊዜ ቋጠረችው። ትንሽ አሰበችና አራተኛ ደገመችው።

የዛፉን መብራት ግን መልሳ ሰካችለት።