ማንም ያልቀመሰው ወጥ

«ወላሂ፣ ጨው ነፍጋ ነው የገደለችው» አለች አሚና፣ ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏት።

ኡሙሃኒ ከመጋረጃው ወዲህ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሰማቻት። ባሏ ሙሀመድሰይድ ከተቀበረ አምስተኛ ቀኑ ነው። አሚና የሟቹ ታላቅ እህት ናት፤ ለቅሶውን ሰምታ ከዋጃ የመጣች ዕለት ጀምሮ እዚሁ ናት። አሚና ስታንሾካሹክ ግቢው ሙሉ ይሰማል፤ ይህን የማታውቀው ራሷ አሚና ብቻ ናት።

«አሥራ አንድ ዓመት ቅጠላ ቅጠል እያበላችው፣ ሰውነቱ በምን ይቁም?»

«እሱም ‹ጨው ነፈገችኝ› ይል ነበር እኮ» አለች አንዷ ለቀስተኛ።

ኡሙሃኒን ያመማት ይሄኛው ነው፤ እውነት ነበርና። ሙሀመድሰይድ ይል ነበር።

ሙሀመድሰይድ ቆቦ አስፋልት ዳር ጎማ ጠጋኝ ነበር። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ያለ ምግብ ቤት ሁሉ ያውቀዋል። የትኛው ቤት ጥብሱን በሞራ እንደሚያሽ፣ የትኛው ቤት ሽሮው ላይ ውሃ እንደሚያበዛ እሱን ነበር መጠየቅ። ቡናውንም እንደ አገሩ ሰው በጨው ነበር የሚጠጣው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጭነት መኪና ጎማ ሲያወልቅ ግራ እጁ አልታዘዝ አለው፤ አፉም ወደ አንድ ወገን ሄደ። ሐኪሙ የደም ግፊቱን ከለካ በኋላ ኡሙሃኒን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «ጨውና ስብ ካልተወ ዓመት አይሞላውም» አላት። ይህን ቃል ለማንም አልተናገረችም። ለእሱ ለራሱም አልነገረችውም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ያንኑ የለመደችውን ወጥ ጨው አስቀርታ አቀረበችለት። ሦስት ጊዜ ጎርሶ ትሪውን ገፋው።

«ኡሙሃኒ፣ ይሄ የሕመምተኛ ምግብ ነው። እየጎመዘዘኝ ከምኖር እየጣፈጠኝ ብሞት ይሻለኛል።»

ኡሙሃኒ አላለቀሰችም፤ ተናደደች። በሙያዋ የምትታወቅ ሴት ናት፤ ትሪዋ ተመልሶባት አያውቅም። ከዚያች ቀን ወዲህ ነገሩ የእሱ ደም ግፊት ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የእሷም እጅ ጉዳይ ሆነ።

መጋረጃው ተገለጠና አሚና ገባች።

«የሰባቱን ሰደቃ የቅሬው ማኅበር ሴቶች ይሠሩታል» አለች። «አንቺ እጅሽን እንዳታስገቢ።»

«እትዬ፣ እሱ ሲበላ የኖረውን ነገር እንግዳውም አንድ ቀን ቢበላው ምን አለ?»

«ኡሙሃኒ፣ ከአላማጣ ድረስ ሰው ይመጣል። ያን ዕለት የሚቀርበው ወጥ ነው ስለ ወንድሜ ቤት የሚወራው። አታዋርጂን።»

ኡሙሃኒ አሚና ስትወጣ አንድ ነገር ቆረጠች። ማንም ባይበላው እንኳ፣ በሰባተኛው ቀን የሙሀመድሰይድ ወጥ በዚህ ቤት ይሠራል።

ያን ወጥ ለማግኘት ስንት ድስት እንዳበላሸች እሷ ታውቃለች። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረገች፣ በዝግታ ቡናማ እስኪሆን ማቁላላት ተማረች። ቲማቲሙን ፍም ላይ ጠብሳ ትልጠዋለች፤ ነጭ ሽንኩርቱን ከነልጣጩ ረመጥ ውስጥ ትቀብረዋለች። በርበሬዋን ያለ ጨው ለብቻዋ ስታስፈጭ ወፍጮ ቤቱ ሙሉ ስቆባታል። በመጨረሻ ከቆላ የሚመጣውን ሁመር፣ ያን ጎምዛዛ ፍሬ፣ ዘፍዝፋ ጭማቂውን ጨመረችበት፤ ምላስ ጨው መፈለጉን ረሳ።

ለእሱም ሥራ ሰጠችው። በየቀኑ አንድ ነገር ደብቃ ትጨምራለች፣ እሱ ምን እንደሆነ ይገምታል። ክዳኑን አንስታ ስትይዝለት ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል።

«ጦስኝ?»

«ተሳስተሃል።»

«በሶብላ?»

«እንደገና ጉረስና ንገረኝ።»

በተሳሳተ ቁጥር አንድ ጉርሻ ይጨምራል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያወቀባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ሆን ብሎ ይሳሳት እንደነበር የገባት ዘግይቶ ነው፤ ሲሳሳት ትስቅ ነበርና።

ጎማ ቤቱ ሄዶ ግን፣ «ሚስቴ ጨው ነፍጋኛለች» እያለ ሹፌሮቹን ያስቃል። ወሬው ዋጃ ሲደርስ ቀልድነቱ መንገድ ላይ ቀረ፤ እህትየውም እውነት መስሏት አለቀሰች።

ሰባተኛው ቀን ሸዋል ውስጥ ዋለ። ከረመዳን በኋላ ያሉትን ስድስት ቀናት የሚጾሙ ብዙ ናቸውና አሚናም፣ የቅሬው ወጥ ሠሪዎችም ጾመኞች ነበሩ። ከመካከላቸው ያልጾመች ጎረቤታቸው ደመቀች ናት። እሷ ደግሞ ክርስቲያን ስለሆነች የእስላም ሥጋ አትቀምስም። በሁለቱ ትልልቅ ድስቶች ዙሪያ ስድስት ባለሙያ ሴቶች ቆመው አንዷም ወጡን ምላሷ ላይ አላደረገችም።

ኡሙሃኒ ከፈጅር ሶላት በኋላ ጓሮ ባለው ማድ ቤት ሦስተኛውን የቅሬ ድስት ጥዳ ነበር። የቆቦን መስኖ ሽንኩርት ግማሽ ጆንያ የላጠችላት ደመቀች ናት። አሚና ቁሌቱ ሲሸታት ብቅ ብላ አየችና፣ «ለማን ነው?» አለች።

«ለሱ» አለች ኡሙሃኒ።

አሚና ከንፈሯን መጥጣ ተመለሰች።

ዙሁር ሲቃረብ ድንኳኑ ሞላ። የኡሙሃኒ ልጅ ራዊያ ጡት ስለምታጠባ አልጾመችም። እንጀራ ጠቅልላ ከመጀመሪያው ድስት አጠቀሰችና ፊቷ ተጨማደደ። ሁለተኛውንም ሞከረች።

«አክስቴ፣ ይሄ አይበላም» አለች። «ጨው በጨው ነው።»

አሚና ደነገጠች። «እኔ የጨመርኩት ልክ ነው። ሌላ ማነው የነካው?»

አንዷ መሬት መሬት እያየች፣ «የዚህ ቤት ወጥ ጨው የለውም ሲባል ሰምቼ፣ እንዳታፍሩ ብዬ አንድ ጭብጥ...» አለች። ሌላዋም እንደዚያው አድርጋለች። ሦስተኛዋ ሁለት ጭብጥ ነው። ደመቀች እንኳ፣ «እኔም ለሙሀመድሰይድ ነፍስ ብዬ ጣል አድርጌያለሁ» አለች። ሁሉም፣ አንዷ ሌላዋን ሳታይ፣ በደግ ልብ ነው ያደረጉት። የአሚና ሹክሹክታ አምስት ቀን ሙሉ ሠርቶ ድስት ውስጥ ገብቷል።

አሚና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። «አዋረድኩት» አለች። «ወንድሜን አዋረድኩት።»

ያኔ ኡሙሃኒ ከማድ ቤት ወጣች።

«ድስቶቹን አውርዱ» አለች። «መረቁን ድፉት። ሥጋውን በፍል ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቁና ወደኔ አምጡት። ከዚህ በኋላ ጨው የያዘች እጅ እንዳላይ።»

በሰባት ቀን ውስጥ ይህን ያህል ስትናገር የሰማት የለም። ሴቶቹ ታዘዙ። ሥጋው በእሷ ቁሌት ውስጥ ገብቶ እንደገና ተንተከተከ። የተጠበሰው ቲማቲም ተጨመረ፣ ሁመሩ ተከተለ፣ በመጨረሻም ድብቁ ነገር። እሷም ጾመኛ ናትና አልቀመሰችም። ጎንበስ ብላ አሸተተችና፣ «ደርሷል፤ አውጡ» አለች።

ትሪዎቹ ወደ ድንኳኑ ሄዱ። ሴቶቹ ከበሩ ሥር ጆሯቸውን ጥለው ቆሙ። ለተወሰነ ጊዜ የማላመጥ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ትሪዎቹ መመለስ ጀመሩ፤ ሁሉም በእንጀራ ተጠርገው ንጹሕ ሆነዋል። ኢብሮ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ባዶ ትሪ ይዞ ራሱ ጓሮ ድረስ መጣ።

«ጨው የተነፈገው ወጥ ይሄ ነው?»

«እሱ ነው» አለች ኡሙሃኒ።

«ሰውየው ሲያማርር እያዘንኩለት ስንት ቀን ምሳ ልጋብዝህ ብለው እምቢ አለኝ። ቤቴ እጠበቃለሁ ይላል። ለካ ወዶ ነው። እስቲ ጨምሪልኝ።»

አሚና ይህን ሁሉ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ሰማች።

የመግሪብ አዛን ሲል ጾመኞቹ በተምር አፈጠሩ። ድስቱ ሥር ለሁለት ሰው የሚሆን ወጥ ተርፏል። አሚና መጥታ ኡሙሃኒ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሐኪሙ ያኔ ምን ነበር ያለሽ?»

«ጨውና ስብ ካልተወ ዓመት አይሞላውም ነበር ያለኝ።»

አሚና በጣቶቿ ቆጠረች፤ ጣቶቿ አለቁባት። እንባዋ ወረደ።

«አሥሩን ዓመት አላህ ባንቺ እጅ ነው የሰጠን» አለች። «እኔ ግን ገደለችው አልኩሽ። አፉ በይኝ።»

ይህን ያለችው በሹክሹክታ ነው፤ ስለዚህ ግቢው ሙሉ ሰማ። ደመቀች ዕቃ ማጠቧን አቆመች። ራዊያ ልጇን አቅፋ ቀና ብላ ሳቀች፤ ከለቅሶው ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ኡሙሃኒ ደረቷ የሰፋ መሰላት። ኮራች፤ መኩራቷንም አልደበቀችም። እጇ እንደ ልማዱ ክዳኑን አንስቶ ያዘ። ማንን እየጠበቀ እንደሆነ አስታወሰች። ልትከድነው ስትል አሚና ወደ ድስቱ ጎንበስ አለች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ አሸተተች። ልክ እንደ ወንድሟ ነው።

«ጦስኝ ነው?» አለች።

«ተሳስተሻል፣ እትዬ» አለች ኡሙሃኒ። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላም አጎረሰቻት።