ብርሌው አየር ላይ ሲቆም

«ልቀቁኝ! ልቀቁኝ አልኳችሁ!»

ወልደ ሰንበትን አራት ሰው ይዞት እንኳ ድንኳኑን ሊያፈርሰው ደርሷል። ግንባሩን ከምሰሶው እያጋጨ ደሙ ቅንድቡ ላይ ወርዷል። ምንሽሩ ከትከሻው አልወረደም። ወንድሙ ደምለው ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ገዳዩ በላቸው፣ ሞጣ ከተማ አጎቱ ቤት ተደብቋል የሚል ወሬ ደግሞ ጠዋት ከገበያተኛ ጋር ቢቸና ገብቷል።

«ደሙን ሳልመልስ እህል አልቀምስም!»

«አንተ ባትቀምስ እኔ እቀምሳለሁ። ከንጋት ጀምሬ ሳለቅስ ደርቄያለሁ» አሉ አልቃሿ እማማ አገሬ። በዚያ ሁሉ መሃል ሳቅ ያመለጠው ሰው አልጠፋም።

ታላቅ እህታቸው ይርጋነሽ አልሳቀችም። ፊቷን ነጭታ ነጭታ አቁስላዋለች። ጥግ ተቀምጣ፣ ጠጅና ደም ያጣበቀውን የደምለውን ደብተር በቢላዋ ጫፍ ገጽ በገጽ ታላቅቃለች።

እውነቱን ለመናገር እኛ ጎረቤቶቹ የደምለው ሥራ ገብቶን አያውቅም። አዲስ አበባ ዘጠኝ ዓመት ሲቀመጥ መጀመሪያ የተዋናዮችን ቃል በእጁ ሲገለብጥ ኖረ። ቀጥሎ ቴአትር ጻፈ፤ ጭብጨባውን ተዋናዮቹ ወሰዱት። አሁን «ፊልም ልጽፍ ነው» ብሎ ሲመጣ፣ ፎቶግራፍ ደግሞ እንዴት ይጻፋል ብለን ሳቅንበት። እሱም አብሮን ሳቀ።

«ንግግር የሚመዘነው በጆሮ ነው» ብሏት ነበር ይርጋነሽን፣ በመጣ ዕለት። «ጠጅ ቤት ገብቼ አነበዋለሁ። ሰዉ መጠጣቱን ከቀጠለ እሰርዘዋለሁ። ብርሌው አፍ ሳይደርስ አየር ላይ ከቆመ ግን አልነካውም።»

ይዞት የመጣው ታሪክ የአባቱ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የበላቸው አባት አምባቸው፣ በአንድ በሬ ተጣልቶ፣ የእነደምለውን አባት፣ ስማቸው የሚባለውን፣ እርሻ መሃል አንገቱን በፋስ መትቶ ገደለው። ደሙ ትልሙን ተከትሎ ሲወርድ ልጆቹ ቆመው አዩ። ሽማግሌ ገብቶ ደሙን ሲያደርቅ፣ ነገሩ ሁለተኛ እንዳይነሳ፣ እንዳይወሳ ሁለቱም ወገን ማለ።

ደምለው መሐላውን አልዘነጋም። የሰዎቹን ስም ሁሉ ለወጠ፤ ቢቸናን ሉማሜ አደረጋት። የበሬውን ስም ግን መለወጥ ረሳ።

ቅዳሜ ዕለት ጠጅ ቤት ቆሞ አነበበ። «ሸጋውን ከቀንበሩ ፍታው! በሬው የኔ ነው!» ሲል ብርሌው ሁሉ አየር ላይ ቆመ። ደምለው ቀና ብሎ አየና ደስ አለው። ሸጋው የማን በሬ እንደነበረ በዚያ ቤት የማያውቅ አልነበረም። በሩ አጠገብ የተቀመጠው በላቸው፣ በአባቱ ነውር በአደባባይ የተፎከረበት መሰለው። ተነስቶ ሁለት ጊዜ ተኮሰ። የደምለው ደረት ተቦደሰ። ደብተሩ ላይ በግንባሩ ተደፋ።

«መሐላውንስ መጀመሪያ ያፈረሰው ማን ሆነና?» ብለው አሁን ድንኳኑ ውስጥ የሚንሾካሾኩ አሉ።

ወልደ ሰንበት ያዦቹን ጥሎ ወደ በሩ ሄደ። ይርጋነሽ መንገዱን ዘግታ ቆመችበት።

«እትዬ፣ ዞር በይ።»

«መጨረሻውን ሳትሰማ አትሄድም።»

«የምኑን?»

«የጻፈውን።»

«የገደለው እሱ ወረቀት አይደለም ወይ!» በሰደፍ ገፋት። ወደቀች፤ ደብተሩን ግን አልለቀቀችም። እዚያው እወደቀችበት ማንበብ ጀመረች።

ፋሱ ሲነሳ አነበበች። አባት ወድቆ የሚናገረውን የመጨረሻ ቃል አነበበች። ፊደል ያልቆጠረው ወልደ ሰንበት መሬት መሬት እያየ ቆመ።

«አባቴ እንዲያ አላለም» አለ። «‹ልጆቼን› ነው ያለ።»

ቀጠለች። መጨረሻው ገጽ ላይ ታናሹ ወንድም የገዳዩን አጥር ዘሎ፣ ጠመንጃውን ደግኖ ቆሟል። ከዚያ በታች ባዶ ነው። ጥግ ላይ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት መስመር አለች። እሷን ጮክ ብላ አነበበች።

«‹እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ወልደ ሰንበትን ልጠይቀው።›»

እማማ አገሬ የያዙት የውሃ ጣሳ አፋቸው ሳይደርስ ቆመ።

«መቼ ሊጠይቀኝ ነበር?»

«ለእሑድ ነበር ያሰበው።»

ወልደ ሰንበት አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ነፋስ ገጹን ሲገልጥበት በመዳፉ ሊይዘው ሞከረ፤ ገጹ መልሶ ተነሳበት። የምንሽሩን መቀርቀሪያ ስቦ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አወጣ። አራቱን በገጹ አራት ማዕዘን ላይ አኖራቸው። አምስተኛዋ እጁ ውስጥ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ መልሱ ሊጻፍበት በነበረው ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጣት።